የቀረችን አንዲት ትራንዚስተር

እኔ አርፌ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ኮምፒውተር ሒሳብ ሲሠራ እንኳ ቆሜ፣ ክፍሏን ወዲያ ወዲህ እያልኩ ነው የምጠብቀው። በዚያ ክረምት ማብቂያ ላይ ግን ከወትሮዬ ባሰብኝ። ጎንደር ያለችው ትንሿ የአካባቢ ራዲዮ ጣቢያ መብረቅ ወርዶባት ድምፅዋ ጠፍቶ ከረመ። የተቃጠለው ምልክቱን አጉልቶ ወደ አንቴናው የሚልከው አምፕሊፋየር ነው። እኔ ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁና እንደ አዲስ እንድሠራው ለመኑኝ፤ እሺ አልኩ። መጋዘኑ ቢበረበር የተገኘችው ደህና ትራንዚስተር አንዲት ብቻ ሆና አረፈችው። ሌላ ከውጭ ታዘዘ፤ ዛሬ መንገድ ተዘጋ፣ ነገ ጉምሩክ ያዘው እየተባለ የውሃ ሽታ ሆነ።

ያ ሁሉ መቁነጥነጤ ግን ለጣቢያዋ አልነበረም። ለአባቴ ነው።

አባቴ ከትክል ድንጋይ ከተማ በእግር ወደ ላይ ተወጥቶ፣ ከአንድ ተረተር ጀርባ ባለች ጎጥ ከአክስቴ ጋር ይኖራል። ዓይኖቹ ከጠፉ ቆይቷል። እርሻው ቀረ፣ ገበያው ቀረ፤ ራዲዮ ብቻ ቀረችው። በዚያች ጎድጓዳ ቦታ ደግሞ የምትገባው የኛዋ ጣቢያ ብቻ ናት፤ እሷም በጭንቅ፣ ራዲዮዋ መስኮቱ ላይ ተቀምጣ፣ አንቴናዋ ላይ ሽቦ ታስሮላት። ሳምንቱን ሙሉ ጆሮው ላይ ለጥፏት ይሰነብትና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ይሄዳል። ማኅበርተኛው ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ከተቀዳ በኋላ "አያ፣ ምን ተሰማ?" ይለዋል። እሱ ያወራል። የእህል ዋጋ፣ የዝናቡን ነገር፣ የሩቁን አገር ጦርነት፣ አንድ ሳይጨምር አንድ ሳይቀንስ ይነግራቸዋል። ማንም አያቋርጠውም። እጁን ተይዞ የሚመራ ሰው፣ በዚያች ሰዓት አገሩን የሚመራ ይመስላል።

ጣቢያዋ ዝም ስትል ሰንበቴ መሄድ ተወ። አክስቴ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ አውጥታ ስታስደውለው፣ "ምነው አባዬ፣ ለምን ቀረህ?" ብዬ ጮህኩበት።

"ምን ይዤ ልሂድ?" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍም ምግብም አልስማማ አለኝ።

ሎድ ፑል የሚባለውን ሥራ የጀመርኩት በማግሥቱ ነው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ትራንዚስተር ኃይሉን የሚያወጣው እንደተጫነበት ጭነት ነው፤ ጭነቱ ካልተስማማው ወይ ይለግማል ወይ ይግላል። ስለዚህ ሲሙሌሽኑ ላይ፣ ማለትም ትራንዚስተሩን አስመስሎ በሚያሠራው ሶፍትዌር፣ ጭነቱን እየለዋወጥኩ፣ በዚህ ስንት ትሰጣለህ፣ በዚህስ፣ እያልኩ አስጨንቀዋለሁ። መልሱ ስክሪኑ ላይ ባለ ክብ ገበታ ላይ እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት ቀለበት በቀለበት ሆኖ ይወጣል። የመሃለኛው ነጥብ ምርጡ ጭነት ነው።

ችግሩ ሽንኩርቱ ሁለት ነው። ቀዩ ቀለበት ከፍተኛው ኃይል የሚገኝበትን ያሳያል። ሰማያዊው ደግሞ ኤሌክትሪኩ ሙቀት ሆኖ ሳይባክን በብዛት ወደ ሞገድ የሚለወጥበትን። የሁለቱ መሃል አንድ ቦታ ላይ አይውልም። ቀዩን ከመረጥኩ ትራንዚስተሩ በጉልበት ይጮሃል፣ ግን ይግላል። ሰማያዊውን ከመረጥኩ ድምፁ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ግን ሳይቃጠል ይኖራል። ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ መሃል ጎንደር ፒያሳ ያለ ሰው፣ አይከል ከተማ ያለ ሰውም ይህን ልዩነት አያውቀውም። የአባቴ ጎጥ ግን ጫፍ ላይ ናት። ደጋግሜ አሰላሁት፤ በቀዩ ትደርሳለች፣ በሰማያዊው አትደርስም። እንዲህም ተብሎ ዕድል አለ እንዴ!

የጣቢያው ቴክኒሻን በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ገበታውን አየና፣ "ሰማያዊው ይሻላል" አለ።

"ሶፍትዌሩ ቀዩንም ይችለዋል ነው የሚለው፤ ሙቀቱ ከልክ አላለፈም።"

"ሶፍትዌሩ ውስጥ መብራት ይወዛወዛል?"

"ጋሼ፣ አያናድዱኝ!"

"መናደዱንማ ከኔ በፊት ጀምረሽዋል" ብሎ ሳቀ። የአባቴን ነገር ነግሬዋለሁ፤ የምጮኸው ለምን እንደሆነ ያውቃል።

እንለካ ተባባልን። የፋብሪካ መለኪያ ከየት ይመጣል? ከላሜራ ሳጥን አስበየድኩ፤ ውስጡ ሁለት ተስተካካይ ካፓሲተር፣ ውጪው ላይ ሁለት መዘውር። መዘውሮቹን ባዞርኩ ቁጥር ትራንዚስተሩ የሚያየው ጭነት ይለወጣል፤ የኃይል መለኪያውን ጋሼ ያነባል፣ እኔ ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ እሞላለሁ። ገና አጋማሹ ላይ ሳንደርስ መብራት ሄደ። መጣ። እንደገና ሄደ። በመጣ ቁጥር ከመጀመሪያው እንጀምራለን፤ ቆሽቴ አረረ። "አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ ምን አደረገሽ፣ እስቲ ተቀመጭበት" ይለኛል ጋሼ።

በመጨረሻ መብራቱ ጸና አለ። ወደ ቀዩ መሃል ሄድኩ። ኃይሉ እንደተባለው ወጣ፤ እሰይ ብዬ አጨበጨብኩ። አባቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ታየኝ። ቆየት አልንና ጋሼ የኃይል መለኪያውን ሲያነብልኝ ቁጥሩ ወርዷል። መዘውሩን አልነካሁትም። እንደገና አነበበ፤ ደግሞ ወርዷል። ሙቀት ማስተንፈሻውን አሉሚኒየም በመዳፌ ብነካው እጄን መልሼ ነጠቅሁ። እኔ ሲሙሌሽኑ ላይ የሞላሁት ሙቀትና ይኼ የሚፋጀው ብረት አይተዋወቁም። ማራገቢያውን ከፊት ከኋላ አደረግሁለት፣ በር ከፈትኩ፣ መስኮት ከፈትኩ። ጋሼ ቁጥሩን ብቻ እየደጋገመ ያነባል። ምነው "አላልኩሽም?" ባለኝና በተጣላሁት!

እውነቱን ልናገር፤ ያኔ ይቃጠል ከፈለገ አልኩ በልቤ። ሁለት ወርም ቢሆን ይስማ አባቴ። አንድ እሑድም ቢሆን። ከዚያ ግን አሰብኩት፤ ትክል ድንጋይ ገበያ ላይ ራዲዮ አንግተው የሚዞሩት ሰዎች አሉ፤ ልጆቻቸውን ለራዲዮ ትምህርት የሚያስቀምጡ እናቶች አሉ። ለአንድ ጆሮ ብዬ የነሱን ሁሉ ልዝጋው? አባቴም ቢሆን ትራንዚስተሯ ስትቃጠል ተመልሶ ዝም ነው የሚቀረው።

መዘውሩን ራሴ ወደ ሰማያዊው አዞርኩት። ብረቱ በረደ፣ ቁጥሩም ቆመ። "በቃ፣ እዚህ ላይ ይሁን" አልኩና ወደ ግቢው ወጥቼ በንዴት አለቀስኩ።

ጣቢያዋ ስትከፈት ከተማው ደስ አለው። ባጃጁም ካፌውም ከፈታት። ትክል ድንጋይም ጥርት ብላ ገባች። አባቴም መከፈቷን ከገበያተኛ ሰምቷል፤ እኔ ግን አንተ ጋ አትደርስም ብዬ ልነግረው ድፍረት አጣሁ። ስሌቴ ተሳስቶ ይሆናል፣ አየሩ ቢረዳ ትገባ ይሆናል እያልኩ ራሴን አታለልኩና እሑድ ማለዳ ተሳፈርኩ። መንገዱ አላልቅ አለኝ፤ ሚኒባሱ ተሳፋሪ ለማውረድ በቆመ ቁጥር ሹፌሩን ልገፋው ምንም አልቀረኝም።

ስደርስ ከቅዳሴ ተመልሶ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ራዲዮዋ ጆሮው ላይ ናት። ከበሩ ሆኜ ሰማኋት፤ ሽሽሽ ነው የምትለው። ሌላ ምንም የለም።

"ልጄ መጣሽ? ገባችኮ!" አለኝ ፊቱ በርቶ። "ሸጋ አርጋ ትሰማለች።"

"አባዬ፣ አትሰማም።"

"ኧረ ትሰማለች፣ ቅድም..."

"አትሰማም አልኩህ! የሠራኋት እኔ አይደለሁ?"

አባቴ ራዲዮዋን ዘጋና ጭኑ ላይ አስቀመጣት። የተናገርኩትን መልሼ ልውጠው በወደድኩ። ከዚያ ተነሣ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ እጁን ዘረጋልኝ። "ነይ፣ ምሪኝ። ሰንበቴው ሳይበተን እንድረስ።"

በመንገድ ላይ፣ "እንዴት ነው የሆነው?" አለኝ። ነገርኩት። እየተነጫነጭኩ፣ ድንጋዩን እየረገጥኩ ነገርኩት፤ ስለ አንዲቷ ትራንዚስተር፣ ስለ ሁለቱ ቀለበት፣ ስለ ጋለው ብረት፣ ስለ መዘውሩ። እሱ ደግሞ አንዳንዱን መልሶ ይጠይቀኛል፤ "ስትግል ድምፅዋ ይወርዳል አልሽ? ሳትነኪያት?" እላለሁ አዎ።

ሰንበቴው ላይ ቦታ ለቀቁለት፤ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጠላ ቀዱለት። አንድ ሰው ፈራ ተባ እያለ፣ "አያ፣ ጠፍተህ ከረምክ። ምን ተሰማ?" አለው።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጎንደር ላይ አንዲት መሐንዲስ አለች" አለ። "ከበሬዎቿ ሁሉ አንድ ቀራት። እሱን አጥልቆ እንዲያርስ ብትነዳው እስከ አባቷ ማሳ ይደርሳል፤ ግን ይግላል፣ ጉልበቱ ሳይነኩት ይወርዳል፣ ይወድቃል። ላላ ብታደርግለት ያገሩን ሁሉ መሬት ያርሳል፤ ያባቷ ማሳ ግን ጦም ያድራል።"

ማንም ጠላውን አልነካም። ሁሉም የማን ነገር እንደሆነ ገብቷቸዋል።

"ታዲያ ምን አደረገች?" አለ ያው ሰው።

"ላላ አደረገችለት። ደግ አደረገች።"

"አባቷስ? አባቷ ምን አለ?"

አባቴ ዋንጫውን መሬት ላይ አስቀመጠና ጉልበቴን በእጁ ፈልጎ ያዘኝ።

"እንዳይከፋት ብሎ፣ ራዲዮዋ ትሰማለች ሲል ዋሻት" አለ።