በሻንጣ የመጣው መድኃኒት

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ላይ ነው። ባለቤቴ ዘሀራ ትንሽ ባመማት ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ዘሀራ የጡት ካንሰር ታማ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ነበር። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በየጊዜው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አዘዘላት። ሊጀመርላት የሄድን ቀን ነርሷ ብልቃጡን አይታ ወደ እኔ ጠጋ አለችና፣ "ወንድሜ፣ ይሄ ዋናው አይደለም፤ ባዮሲሚላር የሚሉት፣ ሌላ ኩባንያ የሠራው ተመሳሳዩ ነው። ውጭ ሰው ካላችሁ ዋናውን አስመጡ" አለችኝ። ክፋት አልነበራትም፤ ወንድሟን እንደምትመክር ነው የመከረችኝ።

እኔ አቃቂ በሰቃ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ሹፌሮችን "ኦርጅናሉ ይሻልሃል" ስል የምውል ሰው ይህን ሰምቼ እንዴት ዝም ልበል? ሕክምናው ሳይጀመር ዘሀራን ይዤ ገላን ኮንዶሚኒየም ወደሚገኘው ቤታችን ተመለስኩ።

ዱባይ ያለው ወንድሟ ስንት ለፍቶ መድኃኒቱን አገኘ። እስኪደርሰን ግን ሳምንታት አለፉ። ዘሀራ ያለ ሕክምና ቆየች።

በሰው ሻንጣ፣ በልብስ ተጠቅልሎ መጣ። ደስ ብሎኝ ዘሀራንም መድኃኒቱንም ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ፋርማሲስቷ ተቀብላኝ በእጇ ዳበሰችው።

"በበረዶ አይደለም እንዴ የመጣው?"

"ወላሂ፣ በልብስ በደንብ ጠቅልለውታል።"

ፊቷ ተለወጠ። "ይሄ ከፍሪጅ ወጥቶ ይህን ያህል ከቆየ ለሰው አይሰጥም። የእኛው ከዋናው ጋር ተነጻጽሮ፣ በሕሙማን ላይ ተሞክሮ ነው የተፈቀደው። ከቅዝቃዜም አልወጣም። ለምን ተዋችሁት?"

ነርሷ እዚያው ቆማ ነበር። ዞር ብዬ አየኋት።

"እኔ ነኝ ያልኳቸው" አለች ራሷ። "ሲባል ሰምቼ ነው እንጂ አላውቀውም ነበር።"

ሐኪሙ ዘሀራን እንደገና አይቶ ያንኑ የሆስፒታሉን መድኃኒት አዘዘላት። ነርሷ ልትሰጣት መጣችና፣ "እህቴ፣ ይቅር በይኝ" አለቻት።

"ለእኔ ብለሽ ነው። በይ ስጪኝ" ብላ ዘሀራ ክንዷን ዘረጋችላት።

አልሐምዱሊላህ፣ ሕክምናዋን ጨርሳለች። እኔም ነርሷን አልጠላትም፤ ስንገናኝ ሰላም እላታለሁ። ግን ለክትትል በሄድን ቁጥር ውጤቱ እስኪነገረን ድረስ እነዚያን ሳምንታት አስባለሁ። ሐኪሙን "መዘግየቱ ጎድቷት ይሆን?" ብዬ ልጠይቀው እየፈለግሁ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።