ሚፍታህ ሳይነሳ የዋለበት ግምገማ

ሚፍታህ ሆሳዕና ውስጥ የማይንቀው ሰው አልነበረም፤ የገዛ ፊኛውን የናቀው ግን በ2006 ዓ.ም. ከህንድ ከተመለሰ በኋላ ነው። ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድሙ ወጪውን ችሎለት በሮቦት ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና የፕሮስቴት ካንሰሩ ሙልጭ ብሎ ወጣ። የመምሪያ ኃላፊ የሆነው ሚፍታህ ግን በሃምሳ አራት ዓመቱ ዳይፐር ታጥቆ መጣ። ሲስቅ ሽንቱ ያመልጠዋል፤ ሲያስነጥሰው ያመልጠዋል። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ሚስራ ብቻ ነበረች።

የዴልሂዋ ባለሙያ ያዘዘችለት ክኒን አልነበረም። ሽንትህን መሃል ላይ እንደምታቋርጥ አድርገህ ጡንቻህን ሰብስብ፣ እስከ አስር ቁጠር፣ ልቀቅ፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለወራት።

"ይሄ የአራስ ሥራ ነው" አለ ሚፍታህ።

"አራሷ ትሻልሃለች፣ እሷ ትሠራዋለች" አለችው ሚስራ። "ግምገማው ሦስት ወር ቀረው። ያኔ ምን ልትሆን ነው?"

ሂስ እየወረደበት ከአዳራሽ የወጣ ሰው ሂስ ሸሸ ይባላል፤ ሂስ የሸሸ ደግሞ ወንበሩን ያጣል። ሱሪው ረጥቦ ቢያዩትስ? ወሬው ፀሐይ ሳትጠልቅ ዱራሜ ይደርሳል።

ቤት ውስጥ ሲሆን ይረሳዋል። ዘዴውን ያገኘው በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ ነው። አንዱ ካድሬ "ኪራይ ሰብሳቢነት" ባለ ቁጥር ጡንቻውን ይሰበስባል፣ አስር ይቆጥራል፣ ይለቃል። የቀኑ ድርሻ ሞልቶ ይተርፍ ነበር። የእነዚህ ሰዎች ወሬም ጥቅም ተገኘለት ብሎ ሳቀ፤ እየሳቀም አላመለጠውም።

የግምገማው ቀን ሚስራ ብትለምነውም ዳይፐሩን ቤት ጥሎ ወጣ። መድረኩን የሚመራው ብዙነህ፣ ሚፍታህ "ከማኅተም በቀር ያነበበው የለም" የሚለው ሰው ነው። ለሦስት ሰዓት ተኩል ወረዱበት። ትምክህተኛ ነው፣ ሰው ይንቃል አሉት፤ እውነታቸውን ነበር። እሱ ግን አንዱንም አልሰማም። አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆጥራል።

በመጨረሻ ብዙነህ መነጽሩን አወለቀ።

"ጓዶች፣ ሂስ እንዲህ ነው የሚዋጠው። ጓድ ሚፍታህ አንዴ እንኳን አልተከላከለም፣ ከወንበሩም አልተነቃነቀም። ሁላችንም ከእሱ እንማር።"

ተጨበጨበ። ሚፍታህ ተነሳና እጁን ወደ ኋላ ልኮ ሱሪውን ዳሰሰ። ደረቅ ነበር። እንባው መጣ። ብዙነህ ጸጸት መስሎት ከመድረክ ወርዶ አቀፈው፤ ሚፍታህም አጥብቆ አቀፈ፤ ማንን እንዳቀፈ ግን ግድ አልነበረውም።