ጠፍቶ ያልጠፋው ፕሮግራም

ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ውስጥ የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም አልከፈት አለ። ጊዜው የዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ነው። ያለዚያ ፕሮግራም በአማርኛ የተጻፈው ሁሉ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይቀራል።

የችሎት ዘጋቢ ነበርኩ። ቢሮዬ ሩቅ ስለነበር ዜናዬን የምጽፈው እዚያች ቤት ነው። ቀጠሮ ሲሰጥና ሲለወጥ ስሰማ ውዬ ወገቤም ዓይኔም ዝሏል፤ የዕለቱ ዜና ግን ገና አልተጻፈም። ከእኔ በፊት ተራ የያዘ ሰው ነበር። ሰንጋ ተራ የሚሠሩ፣ ከወሎ የመጡ አዛውንት ልብስ ሰፊ ናቸው። ከሱቃቸው እንዲወጡ ተከሰዋል፤ መልሳቸውን ለፍርድ ቤት የሚያስገቡበት የመጨረሻው ቀን ያ ዕለት ነው። መልሱ ትናንት ተጽፎ አልቋል፤ ያለው ግን ኮምፒዩተሩ ውስጥ ነው። መዝገብ ቤቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ጸሐፊዋ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ለሚሠራ የኮምፒዩተር ጠጋኝ ደወለች። ድምፁ ከስልኩ አልፎ ይሰማል።

«በቃ ፎርማት ነው። ነገ ጠዋት መጥቼ እሠራልሻለሁ።»

«ፎርማት ከሆነማ የአባባ መልስ አብሮ ሄደ!» ብላ ዘጋችበት።

ያኔ ለኮምፒዩተር ሕመም ሁሉ መድኃኒቱ ፎርማት ነበር። ውስጡ ያለው ሁሉ ተጠርጎ እንደገና ይጀመራል፣ ምን እንደተበላሸ የሚጠይቅ የለም።

ሲዲውን አስገብታ ፕሮግራሙን እንደገና ልትጭነው ሞከረች። ኮምፒዩተሩ ፕሮግራሙ አስቀድሞ ስላለ መጀመሪያ አሮጌው ይወገድ አለ። ከኮንትሮል ፓነል ልታስወግደው ስትል ደግሞ ማስወገጃውን አላገኘሁትም አለ።

«ምን ነክተሽ ነበር?» አልኳት።

«ምንም።» ሲዲውን አወጣችና፣ «ምሳ ሰዓት ላይ ሲንቀራፈፍብኝ የፕሮግራሙን ፎልደር አጠፋሁታ። እንደ አዲስ ልጭነው ብዬ» አለች።

«ማስወገጃው እኮ እዚያው ፎልደር ውስጥ ነው። የኮምፒዩተሩን የቆሻሻ ቅርጫት ባዶ አድርገሽዋል?»

«አላደረግሁም።»

«እንግዲያውስ ፎልደሩን መልሺው።»

«ልናጠፋው አይደል እንዴ? ጋሼ፣ የሞተውን አስነስቼ ልግደለው?»

«አዎ።»

አዛውንቱ ከበርጩማቸው ላይ ሳቁ። «ለእኔ ገብቶኛል ልጄ። ከድሮው ቀበሌ መሸኛ ሳያወጣ አዲሱ ቀበሌ አይመዘግበውም። እኔንስ በዚሁ መች ትንሽ አመላለሱኝ!»

«አባባ፣ እርስዎ ኮምፒዩተር ቢማሩ እኔ እንጀራዬ ቀርቶ ነበር።»

«አንቺ መጀመሪያ የእኔን አትርፊልኝ።»

ማንም ምንም ሳይነካ መልሱን በፍላሽ ገልብጣ እንድታስቀምጥ ጠየቅኋት። ገለበጠች። ከዚያ ፎልደሩን ከቅርጫቱ አውጥታ ቦታው መለሰችና ወደ ኮንትሮል ፓነል ተመለሰች። ማስወገጃው በዚህ ጊዜ እሺ አለ። አረንጓዴዋ መስመር እየተጎተተች ሄዳ ሞላች።

«አለቀ!» አለች።

አላለቀም። ፕሮግራሙ ሲወጣ ባዶ ፎልደርና የራሱን የፊደል ዓይነቶች ትቶ ሄዷል። እነሱን አንድ በአንድ በእጃችን አጠፋን። ኮምፒዩተሩ ተዘግቶ እንደገና እስኪነሳ ስንጠብቅ አዛውንቱ የዐሥር ሶላት መድረሱን ተናገሩ። ጸሐፊዋ የወረቀት ካርቶን ዘርግታ አነጠፈችላቸው፣ እኔ ወንበሬን ወደ በሩ ገፋሁ። በፕሪንተሩና በግድግዳው መካከል ቆመው ሰገዱ። ከኋላቸው ማሽኑ ያጉረመርማል።

ሲዲውን ስታስገባ አሁን ያለ ጥያቄ ጫነው። ፋይሉን ከፈተች። ፊደሉ ወጣ።

«እሰይ እመቤቴ!» አለች። አዛውንቱም ዝቅ ባለ ድምፅ አልሐምዱሊላህ አሉ።

ሁለት ቅጂ አተመች። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ወረቀቱን እኔ ይዤ፣ እሳቸው ክንዴን ይዘው፣ ወደ ፍርድ ቤቱ ግቢ ገባን። ደረጃው ላይ ሁለቴ ቆምን። ስለ ጉዳያቸው አልጠየቅኋቸውም፤ ለመጠየቅ የሚሆን አቅም አልነበረኝም።

አሥራ አንድ ሰዓት አልሞላም፤ የመዝገብ ቤቱ መስኮት ክፍት ነበር። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ገጾቹን አገላበጠች፣ አዛውንቱን አስፈረመች፣ ቀኑን ጻፈች። ሁለቱም ቅጂ ላይ ማኅተም መታችና አንዱን መለሰችላቸው።