ጾመኛዋ ውሻ

ጤናዬ በኬንያዋ ሞያሌ የምታስተዳድራት ቤት ሆቴል ትባላለች እንጂ አንድ አልጋ እንኳ የላትም። ጥቂት ጠረጴዛ፣ አንድ ጓዳ፣ ከኋላ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ፤ በቃ። ግን ከድንበሩ ወዲህም ሆነ ወዲያ ማዶ ቆማችሁ «ጥሩ የጾም ምግብ የት አለ?» ብትሉ የሚጠሩላችሁ የሷን ስም ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጡ የከባድ መኪና ሾፌሮች ወረቀታቸው ጉምሩክ እስኪያልቅ እየተሻገሩ የሷን በያይነቱ ይበላሉ። ሁዳዴ ሲገባማ ጤናዬን ማን ይችላታል። ሥጋ የነካው ድስት በአመድ ይፈተጋል፣ ቢላዋው ይለወጣል፣ ቅቤ የነበረበት ጣሳ ሁሉ ከቤት ይወጣል። እስከ ፋሲካ እዚያ ቤት እንኳን ሥጋ፣ የሥጋ ወሬም አይነሳ።

እንዲህ የምትሆነው ደግሞ ወዳ አይደለም። የወታደር ሚስት ነበረች፤ መንግሥት ሲወድቅ ባሏን ተከትላ ተሰደደች፣ ባሏም እዚሁ ስደት ላይ ሞተባት። ቤት ንብረቷ፣ ዘመዶቿ፣ ሁሉም እዚያው ቀረ። «ካገሬ ይዤው የወጣሁት አንድ ነገር ቢኖር ጾሜ ነው» ትላለች። ይህን ስትል ትዕቢት አለባት አትበሉኝ። ትንሽ አለባት፤ ግን ማን የሌለበት አለ።

እንግዲህ ይህች ሴት አንዲት ድመትና አንዲት ውሻ ነበሯት። ድመቷ እሜቴ ትባላለች፤ ስሙን ያገኘችው በጠባይዋ ነው። የቅበላ ለት አጥንቱን ጥርግ አድርጋ ትበላና በማግስቱ አጥር ዘላ ጎረቤት አሻ ቤት ትገባለች። አሻ ሙስሊም ናት፤ ድመት ነፍሷ ነው፤ ከራሷ ሳህን ታበላታለች። እሜቴ የፋሲካ ለት ጠዋት ወፍራ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ትመለሳለች። ጤናዬ «መጣሽ አንቺ ከሃዲ» ትላትና አጥንቱን ትሰጣታለች።

ውሻዋ ቡላ ግን አትሄድም። መልኳም ቡላ፣ ስሟም ቡላ። ሁዳዴን ሙሉ የእንጀራ ፍርፋሪና የሽሮ ትራፊ ይቀርብላታል፣ እሷም ዝም ብላ ታሸታለች፣ ትንሽ ትልሳለች፣ በሩ ላይ ትተኛለች። አንድ ዓመት በሁዳዴ አንድ መንገደኛ ሥጋ ያለበት አጥንት ወረወረላት። ቡላ አሸተተችውና ፊቷን አዞረች። ይህን ያዩት ጋሽ ወልደ ሥላሴ ነበሩ። ጋሽ ወልደ ሥላሴ የመለዋወጫ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ያወሩት ነገር ከከተማው ውጭ እስካለው እስከ ጎዶማ መንደር ይደርሳል። «ይቺ ውሻ ከኛ ጋር ትጾማለች እኮ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው። ሾፌሮቹ ጾመኛዋን ውሻ ለማየት እየመጡ ፎቶ ያነሷት ጀመር። «የጤናዬ ቤት ውሻው እንኳ ይጾማል» ተባለ። ጤናዬም ደስ አላት፣ «አዎ፣ ልጄ ናት፣ በኔ ወጣች» እያለች ሽሮዋን ትጨምርላታለች።

አስፋልቱ ሞያሌ በገባበት ዓመት ቡላ በሁዳዴ እኩሌታ ወለደች። ከጓዳው ጀርባ፣ ማገዶ ከተከመረበት ሥር አምስት ቡችላ። ቤቱ ሁሉ ደስ አለው፤ ጋሽ ወልደ ሥላሴ ራሳቸው ጎንበስ ብለው አይተው ባረኩ። ግን ብዙም ሳይቆይ የቡላ ጎን ገባ። አጥንቷ ተቆጠረ። ቡችሎቹ ጡቷን ይጎትታሉ፣ ይለቃሉ፣ ያለቅሳሉ። ሽሮው ቀርቦላት አንዴ ቀና ብላ ታየውና ትተኛለች። የበላችውም ቀን ቃሪያውና ሽንኩርቱ ሆዷን አበላሸው።

ጤናዬ ያላደረገችው የለም፤ ማለቴ ከአንዱ ነገር በስተቀር። ወተትም ፍስክ ቢሆን ለሕፃናቱ ነው ብላ ከቡቲዬ መንደር ወተት የምታመጣውን ሴት ለመነች፤ ዝናብ አልዘነበም፣ ፍየሎቹ ደርቀዋል፣ የተገኘው ትንሽ ወተት ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። የከብት መድኃኒት የሚሸጥበት ሱቅ ሄደች፤ ከናይሮቢ የመጣ ደረቅ የውሻ ምግብ አለ፣ ከረጢቱ ላይ የሳቀ ውሻ ተስሏል። ዋጋውን ስትሰማ እሷ አልሳቀችም። ደግሞ «ሥጋ አለበት እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ባለሱቁ ጀርባውን አንብቦ «ዶሮ አለበት» አላት። መልሳ አስቀመጠችው። እስቲ አሁን ይህን ምን ትሉታላችሁ? ለውሻ ለሚገዛ ነገር እኮ ነው። ከደቡብ የሚመጣውን ደረቅ ትንንሽ ዓሣም ገዝታ በበቆሎ ገንፎ ለወሰችላት፤ ቡላ በሕይወቷ ዓሣ አሽታ አታውቅም፣ አፍንጫዋን ቀብራ ተኛች።

የቀረው አንድ ነገር ሥጋ ነው። ሥጋ ደግሞ በዚያ ሰፈር የሚገኘው ከሻሮ ልኳንዳ ነው። ሻሮ ቦረና ነው፣ ሙስሊም ነው፣ የታወቀ ጨዋ ሰው ነው። ግን በሁዳዴ፣ እስላም ያረደው ሥጋ ጤናዬ ግቢ ሲገባ አንድ ሰው ቢያይ ለውሻ ነው ብሎ ማን ያምናል? «ጤናዬ ጓዳ ሥጋ ገባ» ከተባለ ሾፌሮቹ በማግስቱ ሌላ ቤት ይሄዳሉ። እንጀራዋ እሱ ነው። ስሟም እሱ ነው። ስለዚህ ዛሬ ነገ እያለች ቆየች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ምግብ አብሳይዋ ሚሚ ማገዶ ልታመጣ ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች። ሁለት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት፣ በትንሽ ነገር አትደነግጥም። «እትዬ፣ አንዱ ሞቷል» አለቻት።

ጤናዬ ወጥታ አየችው። መዳፏ ላይ ስታደርገው እፍኝ አይሞላም። ቡላ እያየቻት ነበር፤ አልጮኸችም፣ አልተነሳችም፣ ብቻ ታያታለች። ጤናዬ አፈረች። በዕድሜዋ ብዙ ነገር አልፎባታል፣ ከአንድ ውሻ ፊት ግን እንዲህ አፍራ አታውቅም።

«ሚሚ፣ ሂጂና ከሻሮ ሳንባ አምጪልኝ። በቅርጫት ሸፍነሽ።»

«እኔ አልሄድም እትዬ። እኔን ካዩኝ ወጥ ውስጥ ልትጨምረው ነው ይሉኛል። ከፈለግሽ አንቺ ሂጂ።»

እውነቷን ነው። ጤናዬ ነጠላዋን ተከናነበች፣ ጥቁር ላስቲክ እጇ ውስጥ ጠቀለለችና በጓሮ በኩል ወጣች። ሌባ እንኳ እንደዚያ አይሄድም። ሻሮ ልኳንዳ ስትደርስ ሰው እስኪወጣ ጥጉን ይዛ ቆመች።

ሻሮ አያት። «ማማ ጤናዬ» አለ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ፖሌ ሳና። በጣም አዘንኩ።»

«በምን?»

«በውሻሽ ነዋ። ሞታ የለ?»

«ማን ነው ሞተች ያለህ? አልሞተችም። ወልዳ ነው።»

የሻሮ ፊት ፈካ። «አልሃምዱሊላህ። ታዲያ ለዚህ ነው የቀረችው። እኔ ሞተች ብዬ ነው።»

«የት ነው የቀረችው?»

«እዚህ ነዋ» አለ ሻሮ፣ በጓሮ በኩል እያሳየ። «ሁልጊዜ፣ ጾማችሁ ሲገባ፣ አንቺ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሻገሪ እሷ ትመጣለች። እዚያ ትቆማለች። ሳንባ እወረውርላታለሁ፣ አንዳንዴ ጉሮሮ። በልታ ትሄዳለች። አንቺ ሳትመለሺ በርሽ ላይ ናት።»

ጤናዬ አሁን ገባት። ያቺ አጥንት አሽታ ፊቷን ያዞረችው ውሻ ለካ ጠግባ ነው! ስንት ሾፌር ፎቶ ያነሳት፣ ስንት ሰው «ተአምር ነው» ያለላት ውሻ በየጠዋቱ የሻሮን ሳንባ በልታ ነው በር ላይ የምትጋደመው። ዘንድሮ ቡችሎቿን ጥላ መሄድ አልሆነላትም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምር የጾመችው ዘንድሮ ነው። የምር ስትጾም ደግሞ ልጇ ሞተባት።

«አንተ ውሻ ትነካለህ እንዴ?» አለችው።

«አልነካም። ምራቋ ከነካኝ ለሶላት መታጠብ አለብኝ። መወርወር ግን ምን አለው?»

«ታዲያ ለምን ሳትነግረኝ ኖርክ?»

ሻሮ ትንሽ አፈረ። «ሰዉ ሁሉ ትጾማለች ይላል። አንቺም ስታወሪው ደስ ይልሻል። እኔ ምን ብዬ ደስታሽን ላበላሽ ማማ?»

ጤናዬ ከልኳንዳው ፊት ለፊት ያለችው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለች። መሳቅም ማልቀስም መጣባት፤ ሳቁ ቀደመ፣ ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ሻሮ ሳንባውንም፣ ጉሮሮውንም፣ ትንሽ ጨጓራም ጨምሮ አዘጋጀላት። ክፈይ አላላትም።

«በነጻ ከወሰድኩ ነገ አፍሬ አልመጣም» አለችው። «ነገም ከነገ ወዲያም መምጣት አለብኝ።»

እሱም ገባው። የአንድ ብርጭቆ ሻይ ዋጋ ጠየቃት፣ ከፈለች። ያንን ጥቁር ላስቲክ ግን አልተጠቀመችበትም። ለምን እንደሆነ እሷም በደንብ አታውቀውም፤ ብቻ መሸፈኑ አስጠላት። ሳንባውን በሽቦ አንጠልጥላ በዋናው መንገድ፣ በቦዳ ቦዳ ሞተረኞቹ መሃል አልፋ፣ በፊት ለፊት በር ቤቷ ገባች። የምሳ ሰዓት ነው፤ እስከ ስድስት ሰዓት የሚጾሙት ገና መቀመጣቸው ነበር።

«ጤናዬ» አሉ ጋሽ ወልደ ሥላሴ። የጎረሱትን ዋጡ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ሳንባ ነው ጋሼ።»

«ከየት?»

«ከሻሮ።»

«ለማን?»

«ለቡላ።»

«ቡላ ትጾም የለም እንዴ?»

ጤናዬ መሃል ወለሉ ላይ ቆመች። ሳንባው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። «አትጾምም ጋሼ። ጾማም አታውቅም። በየዓመቱ ሻሮ ሲያበላት ነው የኖረው፤ እኔም ዛሬ ነው ያወቅሁት። ዘንድሮ መሄድ አቃታትና አንድ ልጇን ቀበረች። እኔ እጾማለሁ፤ ስጾም ለምን እንደምጾም አውቃለሁ። እሷ ግን ስትራብ ነበር። እኔ ነኝ ረሃቧን ጾም ብዬ የጠራሁት። የንስሐ አባት የላት፣ ማን ጹሚ አላት?» ሽቦውን ወደ ሌላ እጇ አዛወረች። «ሥጋው ድስቴን አይነካም። ውጭ፣ በጣሳ ነው የምቀቅለው። ደስ ያላለው ሰው የበላበትን አላስከፍልም።»

ሁለት ሾፌሮች ተነሥተው ወጡ። አንደኛው በሩ ላይ አማተበ፤ ያማትብ። ጋሽ ወልደ ሥላሴ ሳህናቸውን እንዳለ ትተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ። ጤናዬን ያመማት የሳቸው ዝምታ ነበር።

ግቢው ውስጥ ሦስት ድንጋይ ጎልታ፣ አሮጌ የዘይት ጣሳ ጥዳ ቀቀለችው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ የማትቀምስ ሴት በባዶ ሆዷ የሥጋ እንፋሎት ፊቷ ላይ እየመጣባት አማሰለች። ሚሚ ከሩቅ ታያታለች። ሲቀዘቅዝ ጤናዬ ቆራርጣ፣ ለቡላ በእጇ አቀረበችላት። ቡላ መጀመሪያ እጇን ላሰች። ከዚያ በላች፤ ቀስ ብላ ጀምራ፣ ኋላ እየተጣደፈች። ጤናዬ «ቀስ በይ፣ የሚወስድብሽ የለም» እያለች አጠገቧ ተቀመጠች። እየዋለ እያደረ አራቱ ቡችሎች ጡት ይዘው አይለቁም ሆነ፣ ልቅሷቸውም ቀረ። ደስ አላት። ቤቱ ባዶ ቢቀር እንኳ ይሄ ደስታ የሚወሰድባት አልነበረም።

ቤቱ ግን ያው ሳሳ። አንዳንዱ መጣ፣ አንዳንዱ ቀረ። ሚሚ የምትሠራውን ወጥ ቀነሰች፤ ጤናዬም አላዘዘቻትም፣ አልከለከለቻትም። በየጠዋቱ ከሻሮ ሳንባዋን በአደባባይ ይዛ ትመለሳለች።

የሆሳዕና ሰሞን ጋሽ ወልደ ሥላሴ መጡ። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው የቀድሞ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ጤናዬ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከፊታቸው ቆመች። ምን ላምጣ ልትል አፏን ስትከፍት እሳቸው ቀደሟት።

«ቡላ በላች?» አሏት።

«በልታለች ጋሼ።»

«ልጆቿስ?»

«ጠግበዋል። ተኝተዋል።»

ጋሽ ወልደ ሥላሴ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «እንግዲያስ የኔንም አቅርቢልኝ» አሉ።