የሹሙ በርበሬና የበቅሎ ፋንድያ

ጣሊያን ቡታጅራ ላይ ያሰረኝ ለአርበኞች ስንቅ ትልካለህ ብሎ ነው። ልኬም ነበር፤ ስለዚህ በእሱ አልተከፋሁም። ያናደደኝ የታሰርኩበት ቤት ነው። የአንድ ነጋዴ የበርበሬ መጋዘን ነበር፤ ብናኙ ገና ከግድግዳው አልለቀቀም። በሩ ተከፍቶ ስገፈተር ማስነጠስ ጀመርኩ። ከጥጉ ሌላ ሰውም አስነጠሰ።

"እንኳን ደህና መጣህ አልልህም፣ ልጄ" አለኝ። "ሦስት ቀን ያስነጥስሃል፤ ከዚያ ይለቅሃል።"

ከቸሃ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ጫካ ገባና እሳቸውን በእሱ ፈንታ ያዟቸው። ዕድሜ ልካቸውን እንሰት ሲተክሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እኔ ደግሞ የእንሴኖ በርበሬ ገበሬ ነኝ። ጣሊያናዊው ሹም ይህን ሲሰማ የግቢውን በርበሬ እንድንንከባከብ ሁለታችንንም አወጣን። በአስተርጓሚው በኩል የነገረን አጭር ነበር፤ አለቃው ሊጎበኘው ሲመጣ ቀይ በርበሬ ገበታው ላይ ካልቀረበ፣ ወደ ሞቃዲሾ በሚሄደው የእስረኛ መኪና እንጫናለን። ከዚያ የተመለሰ ሰው አይተን አናውቅም።

በርበሬው አበባውን ሞልቶ ፍሬ መያዝ ሲጀምር የታችኞቹ ቅጠሎች ወየቡ። እኔ ደስ አለኝ። ሽማግሌው ግን ራሳቸውን ያዙ።

"ተርቧል እኮ! ፋንድያ እናምጣለት።"

"አልተራበም፣ አባቴ። የታችኛው ቅጠል ያለውን ለፍሬው እየሰጠ ነው። አሁን ውሃውን መጥነን መተው ብቻ ነው።"

"ቅጠል እየሞተ ቆመህ ታያለህ? ሚስቴ ብታይህ ከጓሮዋ ታባርርህ ነበር። እኛ ጋ በየማለዳው እበቱ ወደ እንሰቱ ይሄዳል።"

"እንሰት እኮ ፍሬው አይበላም፤ በርበሬ ግን ፋንድያ ከበዛበት ቅጠል ብቻ ይሆናል! ወላሂ፣ እለምንዎታለሁ፣ አይንኩት።"

"እሺ" አሉ። ከአንገት በላይ ነበር።

እኔ ውሃ ልቀዳ ወንዝ በወረድኩ ቁጥር እሳቸው ከበቅሎዎቹ በረት ትኩስ ፋንድያ በጋቢያቸው ቋጥረው እያመጡ ከሥሩ ያለብሱት ኖሯል። ያወቅሁት ቅጠሉ ጠቁሮ ሲለመልም ነው። ሹሙ መጥቶ አየና ደስ ብሎት ለሽማግሌው ሲጋራ ሰጣቸው። እሳቸውም ዞር ብለው አዩኝ። ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ አበባው መርገፍ ጀመረ። ቅጠል በቅጠል ሆኖ ቀረ። ሁለት ቀን አኮረፍኳቸው። በዚያች ጠባብ ክፍል ማኩረፍ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ጀርባዬን ስሰጣቸው እግራቸው ይነካኛል።

በሦስተኛው ቀን ሹሙ አሰለፈን። አስተርጓሚው "ሆን ብሎ ያበላሸው ማን ነው?" አለ።

"ፋንድያውን ያበዛሁት እኔ ነኝ" አሉ ሽማግሌው። "ይሄ ልጅ አትንካ ብሎኝ ነበር።"

እውነት ነው፤ ዝም ብል እተርፍ ነበር። ንዴቴም ዝም በል ብሎኛል። "የበርበሬው ኃላፊ እኔ ነኝ" አልኩ። "እሳቸው እኔ ሳላውቅ ምንም አይሠሩም።"

ሹሙ ሁለታችንንም አይቶ ራሱን ነቀነቀ። በርበሬ የሚያውቀው ይቅር፣ ሽማግሌው ይጫኑ አለ።

መኪናው ጋ ስንደርስ ጋቢያቸውን አየሁት፤ ፋንድያው ደርቆበት ይሸታል። አስወልቄ የራሴን አለበስኳቸውና የእሳቸውን ያዝኩ። ከመኪናው ላይ ሆነው ጎንበስ አሉልኝ።

"ግን አምሮ ነበር፣ አይደል?"

ተናድጄ ስለነበር አልመለስኩላቸውም። መኪናው ሄደ። እሳቸውም አልተመለሱም።

እኔ ጣሊያን ሲወጣ ተፈታሁ፤ ዛሬ የምኖረው እዚያው እንሴኖ ነው። በየዓመቱ የበርበሬዬ የታችኛው ቅጠል መወየብ ሲጀምር ከጓሮዬ አንዲቱን ረድፍ ለይቼ ፋንድያ አለብሳለሁ። ልጆቼ ይነጫነጫሉ፤ ይቺ ረድፍ እኮ ፍሬ አትሰጥም ይሉኛል። እኔ መቼ ጠፋኝ! ቅጠሏ ጠቁሮ ሲለመልም አጠገቧ እቆምና ያን ቀን የነፈግኳቸውን መልስ እሰጣቸዋለሁ።

"አምሯል፣ አባቴ።"