ካልሲውን ያላወለቀው ሰውዬ

ሐኪም ኦፕራሲዮን ያስፈልግሃል ያለው ሰው ሁሉ፣ እትዬ በላይነሽን ሳያማክር ስለት አይነካውም። ኮልፌ ቀራንዮ ያሉ ወጌሻ ናቸው፤ ሕመምተኛ ገና ከበር ሲገባ በአረማመዱ ያውቁታል።

ይሄኛው ወገቡን ይዞ፣ ግን ቀና ብሎ ገባ። ካኪ ኮቱ ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ ቢሆንም ተተኩሷል። ራጁን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል። ስሙን ሲጠይቁት፣ "ወገቤ ይበቃዎታል እናቴ" ብሎ ፈገግ አለ። ጫማውን ሊያወልቁለት ጎንበስ ቢሉ እግሩን ሰበሰበና እያቃሰተ ራሱ አወለቀው። ካልሲውን አልነካም።

መደቡ ላይ በሆዱ አስተኝተው አከርካሪውን በቅቤ እያሹ ወረዱ። የእግሩ ጣት ቁንጥጫ ይሰማው እንደሆነ ለማየት ካልሲውን ሳብ ሲያደርጉ፣ ውስጥ እግሩ ከዳር እስከ ዳር ጠባሳ ነው። ከቀይ ሽብር ወዲህ እንዲህ ያለ እግር ከየት እንደመጣ ኮልፌ ውስጥ የሚጠይቅ የለም። ቀስ ብለው ካልሲውን መለሱለት።

"ሐኪሙ ልክ ነው ልጄ። የእኔ እጅ አይችለውም፤ ግባና ተቀደድ።"

"መቀደዱስ ምንም አይደል። ግን አደንዝዘው ያስተኛሉ አሉ።" ፊቱን ወደ እሳቸው አዞረ። "ሰው እንደዚያ ሲተኛ ይለፈልፋል እንዴ?"

እትዬ በላይነሽ ቅቤ በነካው እጃቸው ትከሻውን ቸብ አደረጉት።

"ያን ጊዜ ያላወጣኸውን ዛሬ ተኝተህ ልታወጣው? በል ተነስ!"

ሰውዬው ወገቡን እያመመውም ሳቀ። ከዚያ መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ጫማውን እንዲያጠልቁለት ሁለት እግሩን ዘረጋላቸው።