የሆድ ድርቀት አሳሰረኝ

ባለፈው ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስወጣ አሰልጣኛችን ዳና ደወለችና «ሺራ፣ ገብተሻል» አለችኝ። የከተማው የሴት ልጆች የሩጫ ቡድን ውስጥ ማለቷ ነው። መንገድ ላይ መጮህ አፍሬ ቦርሳዬን አቅፌ ዘለልኩ። አንድ ሽማግሌ አውቶቡስ ያመለጠኝ መስሏቸው «አይዞሽ፣ ሌላ ይመጣል» አሉኝ።

ደስታዬ ይህን ያህል የሆነው ቡድኑ ውስጥ መግባት ከባድ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት የደረሰብኝ ነገር ስላለ ነው። ነገሩ የሆድ ድርቀት ነው። አዎ፣ የሆድ ድርቀት። ጓደኛዬ «በስምሽ እንዳትጽፊው» ብላኝ ነበር። እኔ ግን የአማርኛ ፊደል ጨርሼ መጻፍ ከቻልኩ ወዲህ እጄ አላርፍ ብሏል፣ ጻፍኩት።

የጀመረው ከፋሲካ በኋላ ነው። የመምረጫው ሩጫ እየደረሰ ነበር። አብራን የምትለማመድ ኖዓ የምትባል ልጅ፣ እንጀራ የሚበላ ሰው ሲሮጥ ሆዱን ይጎትታል አለችኝ። የኢትዮጵያ ሯጮች ታዲያ ምን በልተው ነው ሰውን ሁሉ የሚቀድሙት ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኳትም። አመንኳት።

በአንድ ጊዜ እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ ምስሩን ሁሉ ተውኩ። እንቁላል፣ የዶሮ ሥጋና አይብ ብቻ ሆነ ምግቤ። ከሱቅ ደግሞ ጡንቻ ያጠነክራል የሚባለውን ነጭ ዱቄት ገዝቼ በወተት እየበጠበጥኩ እጠጣ ነበር። እናቴ እንዳትቆጣኝ አልጋዬ ሥር ደበቅኩት። ጠዋት ከትምህርት በፊት እሮጣለሁ፣ ማታም እሮጣለሁ። ውሃም ያከብደኛል ብዬ ቀነስኩ። እናቴ ሳህኑን ወደ እኔ እየገፋች «ሽሮ ምን አደረገሽ፣ ተጣላችሁ?» ትለኛለች።

ከዚያ ሆዴ ሥራ አቆመ። መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። ቀን ሲጨመርበት ግን ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ሽንት ቤት ገብቼ ስልኬ እስኪዘጋ ድረስ እቀመጣለሁ፣ ምንም የለም። ወንድሜ ያኢር በሩን እየደበደበ «ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ወለድሽ ወይስ ገና ነሽ?» ይለኛል። ቤቱ ሁሉ ይስቃል። እኔ ውስጥ አለቅሳለሁ።

የመምረጫው ሩጫ ቀን ጠዋት ቀጥ ብዬ መቆም አቃተኝ። እናቴ ከሥራዋ አስፈቅዳ ኩፓት ሆሊም፣ የሰፈራችን ክሊኒክ፣ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ሆዴን ጫን ጫን አድርጎ ምን እንደምበላ ጠየቀኝ። ስነግረው፣ ሆድሽን የሚያንቀሳቅሰውን ምግብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጥለሽ፣ ላብሽን አብዝተሽ፣ ውሃሽን ቀንሰሽ ምን እንዲሆን ፈለግሽ አለኝ። የሚጠጣ መድኃኒት አዘዘልኝ። ውሃ ጠጪ፣ ወደ ሽሮሽና ወደ ምስርሽ ተመለሺ አለኝ። ዱቄቱም ያን ጊዜ ተጋለጠ። እናቴ አየችኝ፣ ሰው ፊት ስለሆነ ቁጣዋን ለቤት አቆየችው።

መከራው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እኔ መድኃኒት ቤት ተሰልፌ ሳለሁ እናቴ ወጣ ብላ ለሩጫው እንደማልደርስ ልትነግራት ለዳና ደወለች። የእናቴ ዕብራይስጥ ለሥራዋ ይበቃታል፣ ቢሮ ነው የምታጸዳው። የሆድ ነገር ለሰው መናገር ግን ታፍራለች። ስለዚህ ሐኪሙ ያለውን ጨዋ ቃል ልጠቀም አለች። ሐኪሙ ያለው «አጺሩት» ነው፣ የሆድ ድርቀት ማለት ነው። እናቴ «ልጄ አጹራ ናት» አለች። «አጹራ» ማለት ደግሞ ፖሊስ የያዛት ማለት ነው።

ዳና ደንግጣ ከመቼ ጀምሮ ነው አለቻት። ከእሑድ ጀምሮ አለች እናቴ። በምን ምክንያት ስትላት፣ አንድ ነጭ ዱቄት አለ፣ ከእኔ ደብቃ ስትወስድ ነበር አለች። ታዲያ መቼ ትወጣለች ብትላት፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ እየጸለይን ነው አለች። «አጹራ» ያለችውን ሳታነሳ፣ ይህን ሁሉ እናቴ ራሷ ናት በኩራት የነገረችኝ። «ዳና ደግ ልጅ ናት፣ ድምፅዋ ተሰበረ» አለችኝ። እሺ ለማለት «በሰደር» አልኳት።

ዳና ልጆቹን እያሟሟቀች ስለነበር ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋው ነበር። ሁሉም ሰሙ።

የመድኃኒቱን ነገር አልተርክም። ሠርቷል።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ስገባ አንዷ ሁለት እጇን አንጓው ላይ አጣምራ አሳየችኝ። ልጆቹ በስልክ የሚቀባበሉት ፎቶ የእኔ ነው፣ ፊቴ ላይ የብረት ፍርግርግ ተሥሎበታል። ኖዓ «ዋስ ማን ሆነሽ?» አለችኝና ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች። ምንም አልገባኝም። ከሰዓት በኋላ ልምምድ ስሄድ ዳና፣ የፖሊሱ ነገር ሳይጣራ መሮጥ አትችዪም፣ ለአንቺ ይዤው የነበረውን ቦታ ለኖዓ ሰጥቻለሁ አለችኝ።

የምን ፖሊስ አልኳት።

«እናትሽ ነግራኛለች፣» አለችኝ። «ስለ ዱቄቱም ጭምር።»

ያኔ ገባኝ፣ ዱቄቱ አደንዛዥ ዕፅ መስሏቸዋል። መጀመሪያ ሳቄ አመለጠኝ። ኖዓ «ትስቃለች ደግሞ» አለች። ሳቄ ጠፋ። ከእነዚህ ልጆች ጋር ሁለት ዓመት ሮጫለሁ። ውሃቸውን ጠጥቻለሁ፣ ቤታቸው አድሬያለሁ። አንዲትም «ሺራ? አታደርገውም» ያለች የለችም። ኖዓ ብትታሰር በስሕተት ነው ይሉ ነበር። የእኔን ማንም አልተጠራጠረም።

እውነቱን ለመናገር አፌን ከፈትኩ፣ እዚያው ቀረ። እነዚህ ልጆች ፊት ሆዴ ደርቆ ነው ልበል? ሁለቱን ውርደት ሳመዛዝን ለአፍታ እስር ቤቱ ተሻለኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ወደ ቤት ሄድኩ።

ለእናቴ ስነግራት ተቀመጠች። «እኔ ነኝ ያሳሰርኩሽ?» አለች። አላለቀሰችም።

በማግስቱ ከሥራዋ በቀጥታ፣ ሰማያዊ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ሜዳው ድረስ መጣች። ይቅርብሽ እማ ብዬ ለመንኳት፣ አልሰማችኝም። ልጆቹ ከበው በቆሙበት ዳና ፊት ቆመችና «ተርጉሚልኝ፣ ሁለተኛ አልሳሳትም» አለችኝ።

«ልጄን ፖሊስ አልያዛትም። የሆድ ድርቀት ነው የያዛት።»

መሬት መሬት እያየሁ ተረጎምኩ። ከዚያ ኖዓ በሳቅ ፈነዳች፣ ሁሉም ተከተሏት፣ አንዷ ሽንት ቤት ውሃ ሲለቀቅ የሚሰማውን ድምፅ አወጣች። ዳናም ከንፈሯን ነከሰች። እናቴ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ሳቁ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች።

«ቃሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለች። «ያመናችሁት ግን እናንተ ናችሁ። ልጄን ታውቋት ነበር።»

ይህን መተርጎም አልፈለግኩም። መራጯ ዳና ናት፣ ካስቀየምኳት ሩጫው አበቃ። እናቴ ግን ዞር ብላ «ምነው ዝም አልሽ?» አለችኝ። ቀና ብዬ፣ ዳናን እያየሁ፣ አንድም ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩት። የሚስቅ ጠፋ።

ዳና ይቅርታ አልጠየቀችም። ሰዓቷን አየችና፣ ነገ አንቺና ኖዓ ትሮጣላችሁ አለች።

ሽሮዬን በልቼ፣ ውሃዬን ጠጥቼ ሄድኩ። መነሻው መስመር ላይ ልጆቹ አፍንጫቸውን ያዙ። ኖዓ ዝቅ ብላ «የሽንት ቤት ወረቀት ይዘሻል?» አለችኝ። ሮጥኩ። በመጨረሻው ዙር ትንፋሿን ከኋላዬ እሰማ ነበር፣ ከዚያ መስማት አቆምኩ። ቀድሜያት ገባሁ። ሁሉም አይቷል፣ ዳና ግን «እደውላለሁ» ብላ ሄደች። ሐሙስ ደወለች።

ኖዓ አሁን ተጠባባቂ ናት። ደስ ሊለኝ እንደማይገባ አውቃለሁ። ብሎኛል፣ በጣም። «አጹራ» የሚለው ስም አልለቀቀኝም፣ ልጆቹ እስከ ዛሬ ይጠሩኛል፣ ዳናም አንድ ቀን አምልጧት ጠርታኛለች። ከስሙ ጋር ተላምጃለሁ። እንዴት ቶሎ እንዳመኑት ግን ሌሊት ሲታሰበኝ ያናድደኛል፣ አሁንም ይቅር አላልኳቸውም።

ዓርብ ጠዋት ኔቬ ኦዝ ሰፈር አጠገብ ባለው መናፈሻ የመጀመሪያ ውድድራችን ነው። ዳና ቤተሰቦቻችሁን ጋብዙ ብላናለች። የእኔ ቤተሰብ ይህን የምታነቡ እናንተም ናችሁ ብያለሁና ግብዣውን አስተላልፋለሁ። ከኤን ጋኒም ሰፈርም ከየትም ኑ፣ አሮጊት ሽማግሌ ሳይቀር ኑ። ስሜን እየጠራችሁ በአማርኛ ጩኹልኝ። ምን እያሉ ነው ብለው ቢጠይቁኝ፣ በዚያ ቀን አልተረጉምም።